ስለ ወንጌል ጥንታዊነት የተደረገ ክርክርና የምስክሮቹ ሚዛን

አራቱ ወንጌላት በምን ዘመን እንደ ተጻፉ፥ የሚነግሩንም ታሪክ የታመነ እንደ ሆነ መመርመር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ፥ በዐይን ካዩት ሰዎች የተላለፈውን ነገር ከሥሩ ተከታትሎ በተራ እንደ ጻፈ ለቴዎፍሎስ ያስታውቃል። እንግዲህ ወንጌላዊው መርምሮ የጻፈውን ሌላው ቢመረምረው አያስደነግጥም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ምስክር ከሚያውቀው በላይ ማናገር አይገባም።

በ19ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በቱቢንገን ያስተምር የነበረው ፈርዲናንድ ክርስቲያን ባውር፥ የዮሐንስ ወንጌል በ170 ዓ.ም. ገደማ ተጻፈ ብሎ አስተማረ (የዘመኑ ቍጥር ኹሉ እንደ አውሮጳውያን ነው)። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ እንዲህ ከሆነ ወንጌሉ የዐይን ምስክር ቃል መሆኑ ይቀራልና።

በ1920 በርናርድ ግሬንፌል የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በግብፅ የገዛቸው የፓፒሩስ ቍርጥራጮች ማንችስተር ወዳለው የጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ከእነርሱ አንዲቱን ኮሊን ሮበርትስ መርምሮ በ1935 አሳተማት። ቁመቷ 9 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ ወርዷም 6 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በፊቷና በጀርባዋ የተጻፈው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18፥ ጌታችን በጲላጦስ ፊት የቆመበትና ጲላጦስ ስለ እውነት የጠየቀበት ነው። ሮበርትስ የፊደሉን ቅርጽ ዘመናቸው ከታወቀ ጽሑፎች ጋራ አስተያይቶ፥ በሁለተኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ ተጻፈች አለ። ግልባጩ በዚያ ዘመን ግብፅ ከደረሰ፥ ወንጌሉ ከዚያ አስቀድሞ መጻፉ ግድ ነውና፥ የባውር አሳብ እጅግ ደከመ።

በ1961 ደግሞ በባሕር ዳር ባለችው በቂሣርያ የኢጣልያ ሊቃውንት ሲቈፍሩ፥ ጲላጦስ የይሁዳ ገዥ መሆኑን የሚናገር የላቲን ጽሕፈት ያለበት ደንጊያ አገኙ።

ይህን ሰምቶ ክርክሩ ኹሉ ተፈጸመ ማለት ግን ችኰላ ነው። በክርታሷ ላይ ዓመተ ምሕረት አልተጻፈም፤ የእጅ ጽሕፈት ዐይነትም ብዙ ዘመን ይቈያል። ስለዚህ ብሬንት ኖንግብሪ በ2005 ባወጣው ጽሑፍ፥ ክርታሷ እስከ ሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ልትዘገይ ትችላለች ብሎ አስጠንቅቋል። ደንጊያውም ሹሙ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ በፍርድ አደባባይ የተነገረውን ቃል አይናገርም። ደግሞም የቫቲካንና የሲና በሚባሉት የአራተኛው መቶ ዓመት የጽርዕ መጻሕፍት፥ የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ቍጥር 8 ይፈጸማል፤ የቀሩት 12 ቍጥሮች የሉባቸውም። ይህን ልዩነት የቂሣርያው አውሳብዮስ በዚያው መቶ ዓመት አውቆት ነበር፤ የተደበቀ ነገር አይደለም።

ሚዛኑ ለባዕድ ብቻ ሳይሆን ለራስም ነው። በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል በብዙ የውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ የ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሥራ ይባል ነበር። ብራናው በኦክስፎርድ በተመረመረ ጊዜ ግን ዘመኑ ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ውስጥ ሆኖ ተገኘ፤ የገዳሙም ትውፊት ምን ያህል ጥንታዊ ነገር እንደ ጠበቀ ታወቀ። ሆኖም ምርመራው የቆዳውን ዕድሜ ነገረን እንጂ፥ ጻድቁ በአንድ ቀን ጻፉት የሚለውን አልመረመረም፤ ሊመረምረውም አይችልም።

ታሪክ የመጽሐፉን ዘመን፥ የሹሙን ስም፥ የአገሩን አኳኋን ይመሰክራል። ጲላጦስ ለጠየቀው ጥያቄ ግን መልሱን ከብራና ቆዳ የሚያገኘው የለም፤ በፊቱ ቆሞ የነበረውን የሚያምን ያገኘዋል። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ሁለቱንም ይጐዳል፤ እምነቱን በክርታስ ላይ ያቆመ፥ ክርታሱ በተነቀነቀ ጊዜ ይናወጣልና።

የገሪማ መነኰሳት መጽሐፋቸውን ከእሳትና ከዘራፊ ባይጠብቁ ኖሮ መርማሪው የሚመረምረው ባላገኘም ነበር። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት የደብሩ ካህናትና ምእመናን በዕቃ ቤት ያሉትን መጻሕፍት ከዝናብ፥ ከአይጥና ከሌባ ይጠብቁ፤ በኅዳጉ የተጻፈውንም የጸሓፊና የሰጪ ስም አይፋቁ። ዛሬ ትንሽ የሚመስለው ጽሕፈት ለሚመጣው ትውልድ ምስክር ይሆናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።