ሐዲዱ ሩብ፥ ባቡሩ ሲሶ

የእንፋሎት ባቡርን አሳንሶ መሥራት ልክን ሁሉ በአንድ ቁጥር ማካፈል ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ርዝመት ወደ ሲሶ ሲወርድ የገጽ ስፋት ወደ 1/9፥ ይዘት ወደ 1/27 ይወርዳል፤ ስለዚህም ትንሽ ማፍያ ከያዘው ውሃ አንጻር ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ ይበዛበታል። ከሰል የሚያቀርበው ሰው ደግሞ ከነአካፋው አያንስም።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ግሪንሊ የነደፈው «ሊትል ጃያንት» እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራ ሲጀምር የሐዲዱ ስፋት 381 ሚሊሜትር፥ የባቡሩም ልክ ከዋናው ሩብ ያህል ነበር። የአገሩ መደበኛ ሐዲድ 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ ሐዲድና ባቡር ተመጣጥነው አንሰዋል ማለት ነው። ለመናፈሻ ጉዞ ይህ ይበቃል።

የመኪና ተወዳዳሪው ካውንት ሉዊ ዝቦሮቭስኪ ያሰቡት ግን እውነተኛ የሕዝብ መስመር ነበር። እርሳቸው በ1924 በሞንዛ ውድድር ላይ ሲሞቱ ሐሳቡን ካፒቴን ሃዊ ከፍጻሜ አደረሱት። በኬንት ጠረፍ በ1927 የተከፈተው ይኸው መስመር በዓመቱ ዳንጀነስ ሲደርስ 22 ኪሎሜትር ያህል ሆነ። ለዚህ ሥራ በ1925 የተሠራው «ግሪን ጎደስ» አርአያው የናይጅል ግሬስሊ «ኤ1» ነው። ግሪንሊ ሐዲዱን እዚያው 381 ላይ ትቶ ባቡሩን ወደ ሲሶ አሳደገው፤ በዚህም ለማፍያው፥ ለእሳት ምድጃውና ለነጂው ቦታ አገኘ።

ዋጋው በስሌት ይታያል። 381 በ3 ቢባዛ 1143 ነው፤ ከመደበኛው በ292 ሚሊሜትር ያንሳል። መንኰራኩሩ፥ ማፍያውና ጭስ ማውጫው በአንድ ልክ ስላነሱ ከጎን ለሚያይ ሰው ምንም የተዛባ ነገር የለም፤ ጥበቱ የሚገለጠው ፊት ለፊት ለቆመ ነው። (የአዲስ አበባ–ጅቡቲን የአንድ ሜትር ሐዲድ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ ሰፊ አካልን በጠባብ ሐዲድ መሸከም የዚያ መስመር የዕለት ሥራ ነበር።)

ችግሩ የጸናው በሻንሲው ውስጥ ነው። የግሬስሊ ባቡር ሦስት ሲሊንደር ነበረው፤ «ታይፉን» እና «ሀሪኬን»ም ይህንኑ ተከትለው ባለ ሦስት ሆኑ። ለአርአያው መታመን ያስመሰግናል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚያርፈው ግን በመካከል፥ ልኩ ከሁሉ ይልቅ በተሸራረፈበት ቦታ ነው። በ1930ዎቹ ከሁለቱም ወጣ። «ግሪን ጎደስ» ከመጀመሪያው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሆኖ ተነድፎ ነበር።