ጉሎ፣ ሞላሰስና የእኛ ማገዶ

ጉሎን የማታውቅ የሐረር ሴት የለችም። አዲስ ምጣድ ስናሟሽ ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን እናሽበታለን፤ እንጀራው እንዳይዝ። እናቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ይኸው ከጓሮና ከአጥር ሥር የሚበቅል ተክል አንድ ሰሞን የመኪና ነዳጅ ሊሆን ነው ተብሎ፣ ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ በሰፊው ተዘርቶ ነበር። ታሪኩ ለእኛም ስለሚጠቅም በዚህ እትም ልንጽፈው ወደድን።

ነገሩ የሆነው በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ይንር ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ በርሜል ድፍድፍ 147 ዶላር ገደማ ደረሰ። አገራችን ነዳጅ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና ጉሎና ጃትሮፋ እንደ መድኃኒት ታዩ። ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያም ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ መጥቶ በፈዲስና በሚደጋ አካባቢ የጉሎ እርሻ ጀመረ። ከተሰጠው መሬት ብዙው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ተገኘ። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ለዝሆኖቹ ተብሎ ስለነበር የዱር እንስሳት ተቆርቋሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ገበሬዎችም በራሳቸው ማሳ ጉሎ እንዲያለሙ ውል ቀርቦላቸው ነበር። እርሻው ግን የታሰበለትን ያህል ሳይራመድ ቀረ።

ስለ ዝሆኖቹ ብዙ ተጽፏል። እኛ የምናነሳው የማሽላውን ነገር ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ ሲዘራ ፍሬው ለቤተሰቡ፣ ቅጠሉ ለከብቱ ይሆናል፣ አገዳው ደግሞ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ጉሎ አይበላም፤ ፍሬው መርዝ አለው። ማሽላ በነበረበት ማሳ ላይ ጉሎ የዘራች ቤት እህሏንም ማገዶዋንም በአንድ ጊዜ ታጣለች፣ ገዢው ካልመጣ ደግሞ ገንዘቡንም። ስትራቴጂ የሚያወጡ ሰዎች ይህን አንዲት የቤት እመቤት ቢጠይቁ ኖሮ በአንድ ሲኒ ቡና ትነግራቸው ነበር።

በሌላ በኩል መልካም የሠራም አለ። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳር የሚተርፈውን ሞላሰስ በእርሾ አብላልቶና አጣርቶ ኢታኖል ያወጣል። ለዚህ ተብሎ ከማንም እህል የሚቀማ ማሳ የለም፤ ሞላሰሱ ቀድሞም የነበረ ተረፈ ምርት ነው። ይህ ኢታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ተቀላቅሏል። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከጅጅጋ አልፎ ባለው የቀብሪበያህ መጠለያ ለነበሩ የሶማሊያ ስደተኞች ደርሶ ነበር። ጋያ ማኅበርና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የኢታኖል ምድጃ አደሏቸው። እነዚያ ሴቶች ለእንጨት ሩቅ ይሄዱ ነበር፤ በመንገድም የሚደርስባቸው ጥቃት የታወቀ ነው። ምድጃው አያጨስም፣ ነዳጁም በቃጫ ውስጥ ተመጥጦ ስለሚቀመጥ ቢገለበጥ አይፈስም።

ነገር ግን ወጥና ቡና እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለምጣድ ነውና። ስለዚህ ዛሬም ከገጠር የሚመጡ ሴቶች እንጨት ተሸክመው ወደ ጀጎል በሮች ይመጣሉ፣ እኛም ከእነርሱ እንገዛለን። የጫት ገረባም ሰብስበን እናነዳለን (ቃሚዎቻችን ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማሉ)። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለን አለን፤ መብራቱም በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው፣ ሲጠፋ ግን ሊጡ ቦክቶ ይጠብቀናል።

ማኅበራችን አሁን የያዘው ሐሳብ ምርጥ የተባለውን የሲሚንቶ ምድጃ ራሳችን እየሠራን እንድንሸጥ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሐሳቡ ላይ ለመወሰን በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችሁም እንድትገኙ ይሁን። በወር ስንት ሸክም እንጨት እንደምትገዙና ስንት እንደምታወጡም ጽፋችሁ አምጡ።