መንገዱና ኬላው፤ ስለ ጠፈር ጨዋታዎች አዝጋሚነት አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦር ሜዳ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛም የዘንድሮ ተመራቂዎች ለበዓሉ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ አቅርቡ በተባልን ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ዐድዋ ወይም ስለ ላሊበላ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ ከእኛ እጅግ የሚበልጡ ሊቃውንት ጽፈዋል። ስለዚህ በቅርብ የምናውቀውን፣ ወላጆቻችንም ዘወትር የሚወቅሱንን አንድ ነገር መረጥን፤ ይኸውም በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት የሚደረገው የጠፈር ጉዞ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ ስለ ምን እጅግ አዝጋሚ እንደ ሆነ፣ አዝጋሚነቱም ከየት መጥቶ ወደ ምን እንደ ተለወጠ ለመመርመር እንሞክራለን። የጨዋታዎቹን ዘመን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት እናሳስባለን።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት እንግለጽ። ለተጫዋቹ አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብና ጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በአንዱ ዓለም ርካሽ የሆነውን ዕቃ ገዝቶ ውድ ወደ ሆነበት ያደርሳል፤ ወይም በጠፈር ከሚንሳፈፈው ዐለት ማዕድን እየቆፈረ ይሸጣል። ትርፉ ጥቂት፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ የተሻለ መርከብ ለመግዛት ያንኑ ሥራ መቶ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ድግግሞሽ «መፍጨት» ብለው ይጠሩታል። ከመካከላችን የአንዱ አያት በልጅነታቸው እዚሁ በሱሉልታ ወረዳ ገብስ በድንጋይ ወፍጮ እየፈጩ ያደጉ ሴት ናቸው። አንድ ማታ ከኋላችን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። እየፈጨን ነው አልናቸው። እርሳቸውም «ታዲያ ዱቄቱ የታለ?» አሉን። ያን ጊዜ ሁላችን ሳቅን፤ ጥያቄው ግን ይህን ጽሑፍ እስክንጽፍ ድረስ አልለቀቀንም።

የጠፈር ጨዋታ ሲጀመር አዝጋሚ አልነበረም። በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ የሠሩት «ስፔስዎር» ሁለት መርከቦች በአንድ ኮከብ ዙሪያ እየተሽከረከሩ የሚተኳኰሱበት ነበርና አንዱ ግጥሚያ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በኋላም ሳንቲም እየጎረሱ የሚሠሩት የመጫወቻ መኪናዎች በየከተማው በተስፋፉ ጊዜ ፍጥነት የግድ ሆነ፤ ተጫዋቹ ቶሎ ካልሞተ ባለቤቱ ሌላ ሳንቲም አያገኝምና።

ይህን ልማድ የሰበሩት ሁለት የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ናቸው። «ኤሊት» የተባለውን ጨዋታቸውን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ባሳዩ ጊዜ፣ ኩባንያው ሦስት ነፍስ ያለውና በዐሥር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ፈልጎ ስለ ነበር ሳይቀበላቸው ቀረ። በመጨረሻ አኮርንሶፍት የተባለው አሳታሚ በሴፕቴምበር 1984 አወጣው። ቢቢሲ ማይክሮ የሚባለው የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የማስታወስ አቅሙ 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚያ እጅግ ትበልጣለች። በዚያች ጠባብ ቦታ 8 ጋላክሲዎች፣ በእያንዳንዱም 256 ፕላኔቶች፣ በጠቅላላው 2,048 ፕላኔቶች ገቡ። ተጫዋቹ በ100 ክሬዲት ይጀምራል፤ ከገበሬ ዓለም ምግብ ገዝቶ ለፋብሪካ ዓለም ይሸጣል። የመጨረሻውን ማዕርግ ለማግኘት 6,400 የጠላት መርከብ መጣል አለበት። ይህ የአንድ ማታ ሥራ አይደለም።

ያ ሴፕቴምበር በእኛ አቆጣጠር የ1977 መስከረም መሆኑን ልብ ይሏል። የእንግሊዝ ልጆች በኮምፒዩተር የምግብ ጭነት ከዓለም ወደ ዓለም ሲያመላልሱ፣ በወሎና በትግራይ እውነተኛው እህል ሳይደርስ ሰው በረኀብ ያልቅ ነበር። ይህን ያነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ዓመቱን ስናሰላ ዝም ብለን ማለፍ ስላቃተን ነው።

ለመሆኑ ሰው ይህን የመሰለ ልፋት ስለ ምን ወደደ? ይህን ለመረዳት ከእንግሊዝ ታሪክ ይልቅ የእኛው የሲራራ ነጋዴዎች ታሪክ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ጫንጮ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ዛሬ መንገደኛ በአውቶቡስ ፍቼንና ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ በዚያው ቀን ደብረ ማርቆስ ይገባል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን ከከፋና ከእናርያ ተነሥቶ፣ በጎጃም የባሶን ገበያ ረግጦ፣ በጎንደር በኩል ምጽዋ ለመድረስና ለመመለስ አንድ ዓመት የማይበቃው ነጋዴ ነበር። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፤ ነጋዴውም ወንዙ እስኪጎድል ከነአጋሰሱ ይቀመጣል። በአፋር ዝቅተኛ ምድር የተቈረጠው አሞሌ ጨው በሰሜን ርካሽ ሆኖ ሳለ ወደ ደቡብ በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይል ነበር። ዋጋውን የሰጠው ጨውነቱ ብቻ ሳይሆን የተጓዘው መንገድ ነው። የኤሊት ሕግ ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት የለፉበት ጭነት በመርከብ ሆድ ሲኖር፣ በሩቅ የምትታይ አንዲት ነጥብ እንኳ ሽፍታ ትሆን ይሆን እያለች ልብ ታስደነግጣለች።

ነገር ግን ነጋዴውን የሚያዘገየው መንገዱ ብቻ አልነበረም። በየወንዙ መሻገሪያና በየተራራው በር ኬላ ነበረ። ኬላ ጠባቂው ጭነቱን ያስፈታል፣ ይቈጥራል፣ ዋጋ ይከራከራል፤ ነጋዴው እስኪከፍልም ያቆየዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ የኬላዎቹን ብዛት ለመቀነስ የሞከሩት ይህ ንግዱን እንዳነቀው ስላዩ ነው። እንግዲህ ዝግመት ሁለት ዓይነት ነው። በመንገዱ ዝግመት ማንም አይከብርም፤ በኬላው ዝግመት ግን ባለ ኬላው ይከብራል። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ስለሚቆም አንባቢ እንዲያስታውሰን እንለምናለን።

ኤሊት የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ጠፈር እንዲኖር ካደረጉት ዋነኛው «ኢቭ ኦንላይን» ነው፤ ያወጣውም በሜይ 6 ቀን 2003 ሲሲፒ የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ ነው። በኢቭ ውስጥ አንድ ችሎታ ለመማር የሚያስፈልገው ልምምድ ሳይሆን እውነተኛ ጊዜ ነው። አንዱ ችሎታ 20 ደቂቃ፣ ሌላው 20 ቀን ይፈጃል፤ ተጫዋቹ ቢተኛም ኮምፒዩተሩን ቢዘጋም ትምህርቱ ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ችሎታ አከታትሎ ማዘዝ ስለማይቻል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ለመጀመር በሌሊት ደወል ሞልተው የሚነሡ ሰዎች ነበሩ። የ24 ሰዓት ወረፋ የተፈቀደው በ2009 ነው። ይህ ሥርዓት ለጫንጮ ልጅ በጣም የተመቸ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም፤ መብራት ጠፍቶ ስናድር የማይቋረጥ ትምህርት ያገኘነው በዚያ ብቻ ነውና። ጨዋታው በየቀኑ ለጥገና የሚዘጋው በአይስላንድ ከረፋዱ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል።

የዚህ ሁሉ ልፋት ክብደት የታየው በጃንዋሪ 2014 ነው። ቢ-አር5አርቢ በተባለ የኮከብ ሥርዓት ላይ የነበረው ባለ ይዞታ ቡድን የይዞታ ክፍያው ሳይከፈል በመቅረቱ ቦታውን አጣ፤ ጠላቶቹም ደረሱ። ውጊያው 21 ሰዓት ያህል ሲወስድ ከ7,500 በላይ ሰዎች ተካፈሉበት። ኮምፒዩተሩ ያን ሁሉ ሕዝብ መሸከም ሲያቅተው ጊዜው ራሱ እንዲዘገይ ተደረገ፤ አንዱ ሰከንድ ዐሥር ሰከንድ ሆነ። ታይታን የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው የብዙ ሰዎች የወራት ድካም የሆኑት ግዙፍ መርከቦች 75 ያህል ወደሙ። ጥፋቱ በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመን ከ300,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተገመተ። ኩባንያው ስብርባሪዎቹ በቦታው ሐውልት ሆነው እንዲቀሩ አደረገ። ሰው በአንድ ጠቅታ ያገኘው ነገር ቢሆን ኖሮ ሐውልት የሚያቆምለት አይኖርም ነበር።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ዴቪድ ብሬበን «ኤሊት ዴንጀረስ»ን አወጣ። 400 ቢሊዮን የኮከብ ሥርዓቶች ያሉት ሲሆን ስፋቱ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ልክ የተሠራ ነው። በውስጡ ሃተን የተባለ ጣቢያ አለ፤ ከአልፋ ሴንታውሪ ዋና ኮከብ 0.22 የብርሃን ዓመት ይርቃልና ወደዚያ ለመድረስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአንድ ሰዓት በላይ ቀጥ ብሎ መብረር ግድ ነበር። ምንም ነገር አይገጥምም። ነባሮቹ ተጫዋቾች ጀማሪውን «እዚያ ትልቅ መርከብ በነጻ ይሰጣል» ብለው ይልኩታል፤ እርሱም ደርሶ የሚያገኘው የሚሸጥ የሻይ ኩባያ ነው። እኛ ይህን ስናነብ በጣም ሳቅን። ነገር ግን በጠፈር ነዳጅ ያለቀባቸውን እየፈለጉ ነዳጅ የሚያድሉ፣ ክፍያም የማይቀበሉ የተጫዋቾች ማኅበርም በ2015 ከዚሁ ርቀት ተወለደ፤ ስማቸውም «የነዳጅ አይጦች» ይባላል። ከደርባ ሲሚንቶ ጭነው በከተማችን የሚያልፉ ሾፌሮች ጎማ የፈነዳበትን ባልደረባቸውን አይተው ሲቆሙ እናያለን። መንገድ አጭር ቢሆን ማንም ለማንም አይቆምም።

እውነተኛው ጠፈርም ቢሆን አይቸኵልም። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጠቅ፣ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፈው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ጥናትና ልመና እንደ ተደረገ የሚያውቁ ያውቁታል።

አሁን ወደ ኬላው እንመለስ። በኢቭ ውስጥ ጂታ የሚባል ታላቅ ገበያ አለ፤ የጠፈሩ ባሶ ልንለው እንችላለን። በጁን 2011 በዚያ ገበያ ብዙ ተጫዋቾች ተሰብስበው የቆመውን ሐውልት በመድፍ ይደበድቡ ጀመር። ምክንያቱም ኩባንያው ወደ ፊት ብልጫን በእውነተኛ ገንዘብ ሊሸጥ አስቧል የሚል ወሬ ከራሱ ከኩባንያው ወረቀት በመውጣቱ ነው። በኦክቶበር የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠየቀ። ይሁን እንጂ በፌብሩዋሪ 2016 ችሎታን ከአንዱ ተጫዋች ራስ አውጥቶ ለሌላው የሚያስተላልፍ መሣሪያ ወጣ፤ መሣሪያውም በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። አንዱ 20 ቀን የጠበቀውን ሌላው በደቂቃ ያገኛል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጨዋታው በነጻ ሲፈቀድ፣ በነጻ የሚጫወተው ሰው ትምህርት ከሚከፍለው በግማሽ ፍጥነት እንዲሄድ ተደነገገ። በእኛ አስተያየት ኬላው የተተከለው ያን ጊዜ ነው። መንገዱን ያስረዘሙት ሰዎች ያሳጠሩትንም መንገድ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ርቀቱ የጠፈሩ መሆኑ ቀርቶ የባለ ሱቁ ሆነ። ኩባንያውም ሠራተኛ ያሳድራል፣ ኮምፒዩተር ያቆማል፤ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ለመንገዱ መክፈልና ለኬላው መክፈል አንድ አይደለም።

እኛ አራት ሆነን የአንዳችንን ታላቅ ወንድም ኮምፒዩተር እየተፈራረቅን በነጻ ከሚጫወቱት ወገን ነን። በዐሥረኛ ክፍል ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ ቬልድስፓር የሚባለውን ተራ ማዕድን ስንቆፍር ቆየንና አንዲት የጭነት መርከብ ገዛን። ያለንን ሁሉ ጭነን ወደ ጂታ ስናመራ፣ መንገድ ላይ የጠበቁን ወንበዴዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጠፏት። ከመካከላችን አንዱ አለቀሰ፤ ማን እንደ ሆነ አንናገርም። አሜሪካ ያሉት የአንዳችን አክስት ጥቂት ዶላር ቢከፍሉልን የጠፋው ሁሉ በአንድ ቀን እንደሚመለስ አውቀን ቅዳሜን ሙሉ ተከራከርን። ሁለታችን እንጠይቃቸው፣ ሁለታችን ተዉ አልን። የተዉት ወገን ያሸነፈው በምክንያት ሳይሆን አክስቲቱን ለመጠየቅ የሚደፍር ስለ ጠፋ ነው። ሆኖም ሰኞ ዕለት እንደገና ዐለት መቆፈር ስንጀምር፣ እነዚያ ሦስት ሳምንታት የእኛ እንደ ነበሩ፣ ከከፈልን ግን ምንም እንደማይሆኑ ሁላችንም ተሰማን።

ይህን ጽፈን ለአያታችን አነበብንላቸው። አዝጋሚ ልፋት ለነገሩ ዋጋ ይሰጠዋል የሚለውን ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። የሞተር ወፍጮ በአካባቢያቸው ከቆመ ወዲያ ድንጋዩና መጁ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳልናፈቃቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውም ከዚያ የተነሣ እንደ ሆነ ነገሩን። ለወፍጮ ቤቱ ሲከፍሉ ቅር ብሏቸው እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው «ለምን ቅር ይለኛል? ዱቄቱን ይዤ ነው የምመለሰው» አሉ። ይህ መልስ ጽሑፋችንን አንድ ቦታ ላይ ክፉኛ አበላሸብን፤ ቢሆንም አውጥተን ልንጥለው አልወደድንም።

ብሔራዊ ፈተናው ስለ ቀረበ ከጨዋታው ወጥተናል። መርከባችንን በአንድ ጣቢያ አቁመን፣ ያለንን ረጅሙን ችሎታ አዝዘን ኮምፒዩተሩን ለባለቤቱ መልሰናል። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ባስረከብንበት ቀን፣ ችሎታው ለመጨረስ 19 ቀን ከ4 ሰዓት ይቀረው ነበር።