ሐኪም ኦላጁዎን፦ ከሌጎስ የተነሳው ፆመኛ ሻምፒዮን



እዚህ ጎሮ ወጣቶቻችን ስለ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሲያወሩ የሌብሮንና የከሪ ስም ይበዛል። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ከእነርሱ ቀድሞ በዚያ ሜዳ ስለነገሠ አንድ አፍሪካዊ ሙስሊም ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪም ኦላጁዎን በ1963 በናይጄሪያ ሌጎስ ከዮሩባ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ሲሚንቶ ነጋዴዎች ነበሩ። በልጅነቱ የእግር ኳስ በረኛ ነበር፤ እጅ ኳስም ይጫወታል። ቅርጫት ኳስን የጀመረው ገና በ15 ዓመቱ ነው። መዘግየቱ ግን አልጎዳውም፤ በበረኛነት የተማረው የእግር ቅልጥፍና ኋላ ላይ ተከላካዮችን ሁሉ አሳሳተ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አስመስሎ የሚዞርባት ስልት «ድሪም ሼክ» ተብላ እስከ ዛሬ ትጠራለች። በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1984 ሂዩስተን ሮኬትስ ከሁሉም አስቀድሞ መረጠው። ማይክል ጆርዳን በዚያው ዓመት የተመረጠው ሦስተኛ ሆኖ ነው!

አሜሪካ ውስጥ ስሙ «አኪም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1991 ግን የጎደለችውን ፊደል መልሶ «ሐኪም» አለ። እኛ ሐኪም ሲባል ነጭ ጋዋን ይታየናል፤ በዐረብኛ ግን ጥበበኛ ማለት ነው። በ«አኪም» ስም ለገነነ ሰው ይህ ትንሽ ውሳኔ አልነበረም። ዲኑን አጥብቆ የያዘውም በዚያው ዘመን ነው።

ታዲያ ብቃቱ ቀነሰ? በ1994 ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ። በዚያው የውድድር ዘመን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሦስቱን በአንድ ዓመት የጠቀለለ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

በ1995 ረመዳን ከየካቲት ወር መጀመሪያ ጋር ገጥሞ ገባ። ጨዋታው ቀን ላይ ሲውል ሐኪም ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ከግዙፎቹ ጋር ይታገላል። ወሩ ሲያልቅ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ማን ሆነ? ራሱ ሐኪም! በሰኔ ደግሞ ከምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ሆኖ የገባው ሮኬትስ በፍጻሜው ኦርላንዶን 4 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ። መንገደኛ ማፍጠር እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው፤ ይህን የምናነሳው ያቺን ሩኽሳ ለማጣጣል አይደለም፤ ፈተና ደረሰ፣ ሥራ በዛ እያለ ፆሙን የሚፈራ ወጣት ስላለ እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። የታዋቂ ተጫዋቾች ጫማ ከ100 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ዘመን ሐኪም በስሙ የወጣው ጫማ 35 ዶላር ገደማ እንዲሸጥ አደረገ። ልጁ ጫማ ግዛልኝ ብሎ ያስጨነቀው አባት ይህን በደንብ ይረዳል።

በ2002 ጨዋታ አቆመ። ወደ ቅርጫት የተወረወሩ 3,830 ኳሶችን አግዷል፤ ክብረ ወሰኑ እስካሁን አልተሰበረም። ካሜሩናዊው ጆኤል ኤምቢድም እንደ እርሱ በ15 ዓመቱ ጀምሮ የሐኪምን ቪዲዮ እያየ ተማረ።

ሂዩስተን መሃል ከተማ በ1928 የተሠራ ትልቅ የባንክ ሕንፃ አለ። ሐኪም በ1994 ገዛው፤ በ2002 መስጂድና የዳዕዋ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ወለድ ሲቆጠርበት በኖረው አዳራሽ ዛሬ ሶፍ ይያዛል።