የመታጠቢያ ቤት እድሳት ፈቃድ በአሜሪካ

የመታጠቢያ ቤት እድሳት ፈቃድ በአሜሪካ አንድ የቤት ባለቤት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ግድግዳ ወይም ወለል ከመንካቱ በፊት ከከተማው ወይም ከካውንቲው የግንባታ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በአብዛኛው «ፐርሚት» ይሉታል። ፈቃዱ ሲወጣ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ፤ አንዱ ሥራው የሚመዘንበት ደንብ ነው፣ ሌላው ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት መጥቶ የሚያይ ኢንስፔክተር። ብዙ ሰው ፈቃድን እንደ ክፍያና እንደ ወረፋ ብቻ ስለሚያየው የኢንስፔክተሩን ጥቅም ይዘነጋዋል። ቤተሰቡን ከእሳት፣ ከቃጠሎና ከበሰበሰ ወለል የሚጠብቀው ግን ይኸው ጉብኝት ነው።

ደንቡና አመጣጡ

አሜሪካ አንድ አገር አቀፍ የግንባታ ሕግ የላትም። ግዛቶች፣ ካውንቲዎችና ከተሞች በባለሙያዎች የተዘጋጀ የናሙና ደንብ ወስደው ለየአካባቢያቸው እያሻሻሉ ያጸድቁታል። ለመኖሪያ ቤት በብዛት የሚሠራበት «ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤት ደንብ» የሚባለው ነው። የሚያዘጋጀውን ዓለም አቀፍ የደንብ ምክር ቤት ሦስት የቆዩ ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. አቋቋሙት (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የደንቡ የመጀመሪያ እትም በ2000 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የኤሌክትሪኩ ደንብ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ መጀመሪያ የታተመው በ1897 ነው።

የቧንቧ ደንብ ለረጅም ጊዜ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። በ1920ዎቹ የንግድ ሚኒስትር የነበረውና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ለመኖሪያ ቤት ቧንቧ ዝቅተኛ መስፈርት የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አቋቋመ። በብሔራዊ የመለኪያዎች ቢሮ የሚሠራው ሮይ ሃንተር ደግሞ ውሃ በመውረጃ ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በሙከራ አጠና። ዛሬም የቧንቧ ስፋት ለመወሰን የሚያገለግለው ስሌት መሠረቱ የእሱ ጥናት ነው።

በኤሌክትሪክ በኩል ሊጠቀስ የሚገባው ሰው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል ነው። የሰው አካል ምን ያህል ጅረት እንደሚቋቋም ሲያጠና ቆይቶ በ1961 ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ውሃ ሲያፈተልክ ወዲያው መስመሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ ፈለሰፈ። «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ያሉት ሶኬት የዚህ ፈጠራ ውጤት ነው። ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር የሚሆን ጅረት ሲያፈተልክ ይቆርጣል፤ ይህም ልብን ከሚያቆመው መጠን በእጅጉ ያነሰ ነው። በብሔራዊው የኤሌክትሪክ ደንብ ለመታጠቢያ ቤት ሶኬት ግዴታ የሆነው በ1975 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት በጊዜው ደንብ ስለተሠራ በአብዛኛው እንዳለ ይቀጥላል፤ አዲሱ ጥበቃ ወደ አሮጌው ቤት የሚገባው ሲታደስ ነው። እድሳቱ ያለ ፈቃድ ከተሠራ ይህ ዕድል ሊያልፍ ይችላል።

ፈቃድ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

ቀለም መቀባት፣ ሴራሚክ መለጠፍ፣ ቁም ሣጥንና መስታወት መቀየር በአብዛኛው ቦታ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን፣ የተዘጋ መውረጃ መክፈት፣ የሽንት ቤት መቀመጫን አንስቶ ያንኑ መልሶ ማስቀመጥም እንዲሁ። የሻወሩን ወይም የላቫንዲኖውን ቦታ ማዛወር፣ በግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ መለወጥ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር መሳብ፣ ግድግዳ ማፍረስ፣ መስኮት ማስፋትና በቤዝመንት አዲስ መታጠቢያ ቤት መክፈት ግን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

አከራካሪው መሃል ላይ ያለው ነው። አሮጌውን መቀመጫ በአዲስ መተካት በቨርጂኒያ፣ የውሃ መስመሩና መውረጃው እስካልተነካ ድረስ፣ ፈቃድ አይፈልግም። የናሙናው ደንብ አነጋገር ግን ጠበቅ ያለ ስለሆነ ሌላ ቦታ መልሱ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዘመድ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ ያለ ፈቃድ መሥራቱ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ቤት ማስረጃ አይሆንም፤ ቤቱ ያለበትን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ ከፈቃድ ነፃ መሆን ከደንቡ ነፃ መሆን አይደለም። ፈቃድ የማይጠይቀውም ሥራ ደንቡን ጠብቆ መሠራት አለበት።

ከግድግዳው ጀርባ

የፈቃዱ ዋና ጊዜ ቧንቧውና ሽቦው ተዘርግቶ ግድግዳው ገና ክፍት ሳለ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ጂፕሰሙ ከተመታና ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ጥሩውንና መጥፎውን ሥራ በዓይን መለየት አይቻልም።

መጀመሪያ የሚታየው ወለሉን የሚሸከመው እንጨት ነው። የሻወር መውረጃ ሲዛወር ቱቦው ማለፊያ ስለሚፈልግ የቸኮለ ሠራተኛ ተሸካሚውን ጣውላ ይቆርጣል። ደንቡ በጣውላው ጠርዝ ላይ የሚወጣ ቁርጥ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ እንዳይበልጥ ያዛል፤ በጣውላው ርዝመት መካከለኛ ሲሶ ላይ ደግሞ ጨርሶ ይከለክለዋል። የሚበሳው ቀዳዳ ከቁመቱ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ ከላይና ከታች ጠርዝም ቢያንስ 2 ኢንች ይርቃል። በውሃ የተሞላ ገንዳና በውስጡ ያለ ሰው የሚያርፉት በዚሁ እንጨት ላይ ነው፤ የተቆረጠ ጣውላ ሳይሰበር ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ባለቤቱ አደጋውን ሳያውቀው ይኖራል።

ቀጥሎ መውረጃው ነው። ከእያንዳንዱ ላቫንዲኖና ሻወር ሥር ያለው ሲፎን ውሃ ይዞ የሚቀረው የፍሳሽ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ ነው። የአየር ቱቦ ከሌለው ከላይ የሚወርደው ውሃ በሲፎኑ ያለውን ስቦ ባዶ ያስቀረዋል፤ ቤቱም ይሸታል። ቀጫጭኖቹ መውረጃዎች በእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች ማዘንበል አለባቸው። ኢንስፔክተሩ ይህን በውሃ ልክ ይለካል፤ ቱቦዎቹም በውሃ ወይም በአየር ተሞልተው እንደማያፈሱ ይረጋገጣል።

የሻወር ወለል ልዩ ቦታ ይገባዋል። ሴራሚክ መለጠፍ ፈቃድ አይጠይቅም ብለናል፤ ሴራሚክና ሲሚንቶ ግን ውሃ ያሳልፋሉ። ውሃውን የሚያግደው ከሥራቸው የተዘረጋው ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሴራሚክ ሳይለጠፍበት መውረጃው ተደፍኖ ቢያንስ 2 ኢንች ውሃ ይሞላበታል፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃም ይቆያል። ውሃው ከቀነሰ ሽፋኑ ይጠገናል። ከመታጠቢያ ቤት እድሳት ሁሉ በጥንቃቄ ሊጠበቅ የሚገባው ሩብ ሰዓት ይህ ነው፤ ያለ ፈቃድ በሚሠራ ቤት በመጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው። በቀጭን ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ ሽፋን የሚታወቀው የታችኛው ክፍል ጣሪያ ሲበሰብስ ነው።

ቀጥሎ የሙቅ ውሃ ጉዳይ አለ። አንዱ ሻወር ውስጥ ሳለ ሌላው ሽንት ቤት ውሃ ሲለቅ የቀዝቃዛው ግፊት ይቀንስና ሙቁ ብቻውን ይወርዳል። የ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ በጥቂት ሰኮንዶች ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ደግሞ ፈጥነው መሸሽ አይችሉም። ስለዚህ አዲስ የሻወር መክፈቻ ግፊቱን ወይም ሙቀቱን የሚያመዛዝን መሆን አለበት፤ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት (49 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) በላይ እንዳያሳልፍም ይስተካከላል።

ከሌሎቹ መስፈርቶች ጥቂቱን ለመጥቀስ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ መሃሉ ከጎን ግድግዳ ቢያንስ 15 ኢንች፣ ፊቱ ደግሞ ከትይዩው ግድግዳ 21 ኢንች መራቅ አለበት። ከላቫንዲኖው ጠርዝ በ3 ጫማ ውስጥ ሶኬት ይኖራል። የሚከፈት በቂ መስኮት ከሌለ በደቂቃ 50 ኪዩቢክ ጫማ አየር የሚያወጣ ፋን ይገጠማል፤ ቱቦው ወደ ውጭ መውጣት አለበት እንጂ ጣሪያ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ማለቅ የለበትም፤ እዚያ የቀረ እንፋሎት የጣሪያውን እንጨት ያሻግተዋል።

በዋሽንግተንና አካባቢዋ

ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው በዋሽንግተን ዲሲ ፈቃዱን የሚሰጠው የሕንፃዎች መምሪያ ነው። መምሪያው ጥቅምት 1 ቀን 2022 (በዚያው አቆጣጠር) የቀድሞው የተጠቃሚዎችና የቁጥጥር ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ለሁለት ሲከፈል ተቋቋመ፤ የንግድና የሙያ ፈቃድ ደግሞ ለሁለተኛው መምሪያ ሄደ። በከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በአስተርጓሚ ማስተናገድ አለባቸው። ስለዚህ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለማስተርጎም ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ስለ ቧንቧና ስለ ብሬከር የሚደረግ ንግግር ለልጅም ይከብዳል።

ሜሪላንድ ውስጥ በሞንትጎመሪ ካውንቲ አሠራሩ ሁለት ቦታ ይከፈላል። የግንባታውና የኤሌክትሪኩ ፈቃድ ከካውንቲው የፈቃድ አገልግሎት መምሪያ ሲወጣ፣ የቧንቧው ፈቃድ የሚሰጠው በ1918 የተመሠረተው የአካባቢው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ነው፤ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲም የቧንቧው ፈቃድ የዚሁ ድርጅት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የግንባታ ፈቃዱን ይዞ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። የሮክቪል ከተማ ደግሞ የራሷን ፈቃድ ትሰጣለች፤ ቤቱ በከተማዋ ወሰን ውስጥ መሆኑን ማጣራት ከማመልከቻው ይቀድማል።

በቨርጂኒያ ከ1973 ጀምሮ ግዛቱን የሚያዳርስ አንድ ደንብ አለ፤ ፈቃዱን ግን እንደ ፌርፋክስና አርሊንግተን ያሉት አካባቢዎች ይሰጣሉ። ባለቤቱ በራሱ ቤት ራሱ የሚሠራ ከሆነ የኮንትራክተር ላይሰንስ እንደማያስፈልገው በጽሑፍ አረጋግጦ ፈቃዱን በስሙ ማውጣት ይችላል።

ማመልከቻው በአብዛኛው በኢንተርኔት ይገባል። ያለውንና የሚሆነውን የክፍሉን አቀማመጥ የሚያሳይ ልኩን የጠበቀ ንድፍ፣ የሥራው ዝርዝርና የተገመተ ዋጋ ይጠየቃል። በኮንዶ የሚኖር ሰው ከማኅበሩ የፈቃድ ደብዳቤ ይጨምራል። በናሙናው ደንብ መሠረት ሥራው በ180 ቀን ውስጥ ካልተጀመረ ወይም ተጀምሮ ለዚያን ያህል ጊዜ ከቆመ ፈቃዱ ይወድቃል።

ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት አንድ የፌዴራል ደንብ ይጨመራል። በዚያ ዓመት ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው ሊድ ያለበት ቀለም በአሮጌ ግድግዳ ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ለክፍያ የሚሠራ ኮንትራክተር በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ጫማ በላይ የተቀባ ገጽ የሚነካ ከሆነ የምስክር ወረቀት ይዞ አቧራውን ማገድ አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2010 ነው። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ በእድሳት ጊዜ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይህ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ኮንትራክተሩና ባለቤቱ

ፈቃዱን ያወጣ ሰው ለሥራው ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ «ፐርሚቱን አንተ በስምህ አውጣው፤ እኔ እሠራለሁ» የሚል ኮንትራክተር ብዙ ጊዜ ላይሰንስ የሌለው ወይም ኃላፊነቱን የሚሸሽ ነው። የአገር ልጅ መሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ መተዋወቁ መልካም ነው፤ ግን የላይሰንሱን ቁጥር ከመጠየቅ ሊያግድ አይገባም። ሙያውን የሚያውቅ የአገር ልጅ ቁጥሩን በደስታ ይሰጣል፤ እድሩንና ዕቁቡን በመዝገብ የሚይዝ ማኅበረሰብ የ20,000 ዶላር ሥራን በቃል የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

ሜሪላንድ በዚህ ረገድ ጠንካራ ሕግ አላት። የቤት ማሻሻያ ሥራ የሚሠራ ኮንትራክተር ከግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው፣ ውሉም በጽሑፍ ሊሆን ይገባል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። ላይሰንስ ባለው ኮንትራክተር የተበደለ ባለቤት ከዋስትና ፈንድ ካሣ መጠየቅ ይችላል፤ ላይሰንስ የሌለውን የቀጠረ ግን ይህ መንገድ የለውም። በቨርጂኒያ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ የግዛቱ ላይሰንስ ያስፈልጋል።

ያለ ፈቃድ የተሠራ

መሥሪያ ቤቱ ሥራው ሳይጠናቀቅ ከደረሰበት የማቆሚያ ትእዛዝ በበሩ ላይ ይለጥፋል፤ በብዙ ቦታም ተጨማሪ ክፍያ ወይም ቅጣት ይከተላል። ብዙው ያለ ፈቃድ ሥራ ግን የሚታወቀው ቤቱ ሲሸጥ ነው። በሜሪላንድ ሻጩ ስለ ቤቱ የሚሞላው የመግለጫ ቅጽ ለተደረጉ ማሻሻያዎች የሚያስፈልገው ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። የገዢው ወኪልም በአድራሻው የወጡትን ፈቃዶች ፈልጎ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት ተብሎ በተመዘገበ ቤት ሦስተኛውን ቤዝመንት ውስጥ ሲያገኝ፣ ዋጋ እንዲቀነስ ወይም ሥራው ሕጋዊ እንዲሆን ይጠይቃል።

ወደ ኋላ ተመልሶ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። ባለቤቱ በራሱ ተነሳሽነት ሲሄድ ጉዳዩ በጥቆማ ከመምጣቱ ይሻላል። ላይሰንስ ያላቸው ፕላምበርና ኤሌክትሪሺያን ያለውን አይተው ንድፍና ማመልከቻ ያዘጋጃሉ፤ ኢንስፔክተሩ የተሸፈነውን ማየት ካልቻለ ሴራሚኩና ጂፕሰሙ በተመረጡ ቦታዎች እንዲከፈት ያዛል። በዚህ ጊዜ አሳማሚው ወጪ የፈቃዱ ክፍያ ሳይሆን የተጠናቀቀውን ግድግዳ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ጉድለቱ ተስተካክሎ የመጨረሻው ፍተሻ ሲያልፍ ፈቃዱ በመዝገብ ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ገዢም በቤቱ አድራሻ ፈልጎ ያገኘዋል።