ስለ ሳድስ ንባብና ስለ ሩዝ ሻጋታ ስም

የግእዝ ፊደል በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን የአናባቢ ምልክት ካገኘ ወዲህ አበው የጽርእን ስም በፊደላችን ጽፈው፥ ጴጥሮስን ጴጥ፥ ሮስ ብለው ከፍለው አነበቡ። ያው ሥርዓት ዛሬም ለወረታ ተማሪ ይጠቅማል።

በፎገራ ሜዳ የሩዝን ቅጠልና ዛላ ከሚያደርቁት አንዱ የሻጋታ ወገን ነው፤ ሊቃውንትም ፒሪኩላሪያ፥ ደግሞም ማግናፖርቴ ይሉታል። ሁለቱም ስሞች 6 ፊደል ናቸው። ነገር ግን ፊተኛው ሳድስ ስለሌለበት ፒ፥ ሪ፥ ኩ፥ ላ፥ ሪ፥ ያ ተብሎ በ6 ይከፈላል፤ ኋለኛው ግን «ግ» እና «ር» ድምፅ የለሽ ሳድስ ስለ ሆኑ ማግ፥ ና፥ ፖር፥ ቴ ተብሎ በ4 ይነበባል።

ሳድስን ያልለየ ስሙን ያፈርሳል፤ ስሙን ያፈረሰ መካሪም ለገበሬው የሚነግረው ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። እንግዲህ ንባብ ለቅዳሴ ብቻ ሳይሆን ለእርሻም መሠረት ነው።