ከልደታ ወደ ቦሌ፦ የባሕር ማዶ ተማሪዎች መንገድ

ከጣልያን ወረራ በፊት ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚላከው ወጣት ከለገሃር በባቡር ተነሥቶ በጅቡቲ መርከብ ይሳፈር ነበር። ከነፃነት በኋላ መነሻው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ፤ ይህም ሜዳ ለጄት ስላልበቃ ከቡልቡላ በስተሰሜን፣ በቦሌ፣ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። ቦይንግ 720 ጄቶች የገቡት በ1955 ዓ.ም. ነው።

መንግሥት ልጆቹን የላከው ተምረው እንዲያገለግሉት ነበር። እነርሱ ግን በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ማኅበር አቋቁመው «ቻሌንጅ» እና «ታጠቅ» በተባሉት መጽሔቶቻቸው የመሬቱን ሥሪት ነቀፉ። የመንገዱ ማጠር፣ እንደሚመስለኝ፣ ለዚህ ረድቷቸዋል፤ የመርከብ ዘመን ተማሪ የአገሩን ወሬ እጅግ ዘግይቶ ይሰማ ነበርና።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ኃይሌ ፊዳን የመሰሉ የማኅበሩ ሰዎች ከአውሮፓ ተመለሱ። ከተመላሾቹም ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገደሉ፤ በውጭ ከቀሩት መካከል ደግሞ ለትምህርት ወጥቶ ስደተኛ የሆነው ብዙ ነው።